በእንግሊዝኛ የሞተው ፊደል ለቃሚ

ቴሌስፎሮ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን በማኒላ ከተማ እንደ እሱ ብዙ እንግሊዝኛ በእጁ ያለፈ ሰው የለም። ሥራው ፊደል ለቀማ ነው። ከእርሳስ የተሠሩትን ፊደላት ከየክፍላቸው አንድ በአንድ እየለቀመ በብረት መያዣው ላይ ይደረድራል፤ መስመሩ ሲሞላ ይቆልፋል፣ ገጹ ሲሞላ ለማተሚያው ያስረክባል። ሳምንታዊው መጽሔት፣ የኮሌጆቹ መጽሔት፣ የመምህራኑ መጽሔት፣ ሁሉም በእሱ ጣቶች ነው የሚያልፈው። ታሪኩም፣ ግጥሙም፣ ክርክሩም። ምን ይላሉ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን መልሱ አንድ ነው።

«እኔ ምን አገባኝ» ይላል። «ፖስተኛ ደብዳቤ ይከፍታል እንዴ?»

ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ግን አይስቅም። ከለቃሚዎቹ ሁሉ ስሕተት የማይገኝበት ቴሌስፎሮ ብቻ መሆኑን ያውቃላ። እንግሊዝኛ የተማሩት ለቃሚዎች ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚገባቸው ዓይናቸው ይቀድማል፤ እጃቸውም ያልተጻፈውን ይጨምራል። ቴሌስፎሮ ያልገባውን ምን ብሎ ያሻሽለዋል? የተሰጠውን ያስቀምጣል፣ አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ባለቤቱ ይህንን ሞኝነት እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው።

ቴሌስፎሮ ቋንቋዎቹን የሚያውቃቸው በሳጥናቸው ነው። ሥራ ሲጀምር ጋዜጣው ሁሉ በስፓኒሽ ነበር፤ ያኔ «ኬ» እና «ደብልዩ» የተቀመጡባቸው ክፍሎች ሸረሪት አድርቶባቸው ነበር። አሜሪካኖቹ መምህራን በመርከብ ጭነው አምጥተው የአገሩን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ካስገቡ ወዲህ ግን እነዚያ ክፍሎች በሳምንት ሁለቴ ባዶ ይሆኑ ጀመር። ታጋሎግ ደግሞ «ኤ»ን እና «ጂ»ን ይበላል፣ አይጠግብም። ስለዚህ በእንግሊዝኛው መሐል የታጋሎግ ቃል ስትገባ ከዓይኑ በፊት እጁ ያውቃል። አሁን አሁን ደግሞ መግባት አብዝተዋል። ድሮ ተማሪዎቹ አይተውት ስለማያውቁት በረዶ ነበር የሚጽፉት አሉ፤ ዛሬ የመንደራቸውን ዓሣና ዛፍ በስሙ እየጠሩ እንግሊዝኛው ውስጥ ይሰነቅሩት ይዘዋል።

ዝናቡ በገባ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሳምንታዊው መጽሔት የመጣ ታሪክ እየለቀመ ሳለ እጁ ቆመ። ያቆመው ቃል እንግሊዝኛም ታጋሎግም አልነበረም፤ የስፓኒሽ ቃል ነው። አርሶቢስፖ፣ ማለትም ሊቀ ጳጳስ። ይሁን፣ በመጽሔት ላይ ሊቀ ጳጳስ ሞልቷል። ከአጠገቡ ያለው ቃል ግን የእርሻ ጎሽ የሚል ነበር፤ እሱን ማንም ያውቀዋል።

ሊቀ ጳጳስ የሚባል የእርሻ ጎሽ።

ቴሌስፎሮ በጣቱ የያዘውን ፊደል ወደ ክፍሉ መልሶ ተቀመጠ። በዚህ አገር ሰባት ሺህ ደሴት አለ ይባላል። በሰባቱ ሺህ ደሴት ላይ በዚህ ስም የተጠራ ጎሽ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙን ያወጣለትም ቴሌስፎሮ ራሱ ነው። ከሐይቁ ማዶ ያለችው የላምባክ መንደር ሽማግሌ፣ የታታ ሲራኮ ጎሽ ነበር። ሲራመድ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ እጁን እንዲስመው የሚጠብቅ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ስሙ የወጣለት።

ያኔ ቴሌስፎሮ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የታታ ሲራኮን ልጅ ባልቢናን ሊያገባ ቤታቸው ያገለግል ነበር። በላምባክ የሰው ልጅ ለማግባት የፈለገ ወሬ ብቻ አይበቃውም፤ አባትየው በቃህ እስኪለው ድረስ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሩዝ ይወቅጣል። ቴሌስፎሮ ሁለት ዓመት አገለገለ። ሁለተኛው ዓመት ያለቀ ቀን ታታ ሲራኮ ትንባሆውን እያኘከ «አንድ ዓመት ጨምር» አለው። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ ቴሌስፎሮም አልጠየቀም። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበትና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማኒላ ገባ። ለባልቢና እንኳ ትንፍሽ አላለም። እዚህ ላይ ጥብቅና የሚቆምለት አይኑር፤ አጥፍቷል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ኮሌራው አገር እየፈጀ ባለበት ጊዜ፣ ታታ ሲራኮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እንዴት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ።

«ዓመቱን ትቼልሃለሁ» አለው። «ና፣ እንሂድ።»

ቴሌስፎሮ የከተማ ጫማ ገዝቶ ነበር። ከእንግዲህ የሰው ቤት ውሃ አልቀዳም አለ። ሽማግሌው ብዙም አልለመነው።

«እሺ። ምን ብዬ ልንገራት?»

«የፈለጉትን ይበሏት።»

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ቴሌስፎሮ የማኒላዋን ሴፓን አገባ፣ ሦስት ልጅ ወለደ፣ ጠጉሩ ሸበተ። ያቺ ቃል ግን ከጉሮሮው አልወረደችም። ሽማግሌው የፈለገው ምን ነበር? ሌባ ነው አላት? ሌላ አግብቷል አላት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በላምባክ ስለ እሱ ምን እንደሚወራ አንድም ቀን ሳይሰማ ኖረ። ሄዶ እንዳይጠይቅ በምን ፊቱ? አሁን መልሱ እፊቱ ተዘርግቷል፣ በገዛ ጣቶቹ እየለቀመው ነው፣ ማንበብ ግን አይችልም። እንዲህ ያለ ቅጣት ዳኛ እንኳ አይፈርድም።

አራሚው ሳሉስቲያኖ ከጥግ ባለው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የሕግ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ በዚያ ምትክ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ይፈርዳል።

«ሳሉስ፣ ይቺ ታሪክ ምንድን ነው የምትለው?»

ሳሉስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤ ቴሌስፎሮን እንደ ታናሾቹ ሁሉ በአክብሮት ማንግ ፖሮ ነው የሚለው። «ማንግ ፖሮ፣ ደህና ነዎት? ፖስተኛው ደብዳቤ መክፈት ጀመረ?»

«አፍህን ያዝና ንገረኝ።»

«አፌን ይዤ እንዴት እነግርዎታለሁ?» አለና ወረቀቱን ሳበ። «የፍቅር ነገር ነው። አንድ ጎረምሳ አንዲት ልጅ ሊያገባ ቤቷ ያገለግላል፤ አባትየው አንድ ዓመት ሲጨምርበት መጥረቢያውን ግንዱ ላይ እንደሰካ ጥሎ ይጠፋል። የመጥረቢያዋ ነገር ደስ ትላለች። ጸሐፊዋ አስተማሪ ናት፤ ስሟን አላወጣችም።»

«መጥረቢያውን ግንዱ ላይ?»

«እንደሰካ።»

ቴሌስፎሮ ሊናገር ብሎ ተወው። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ አባትየው ጎረምሳውን ፍለጋ ወደ ማኒላ ይነሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቀጥላል። ቀሪውን በሚመጣው ሳምንት ትልካለች፤ ሲሟላ ነው የሚታተመው።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ሴፓ ትንገራችሁ። ቴሌስፎሮ ሩዙን ሳይጨርስ ይነሳል፣ ጫማውን እግር ቀይሮ ያደርጋል፣ ሲያናግሩት «እህ?» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሴፓ የደረቀውን ዓሣ እፊቱ አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ወይ ታመሃል፣ ወይ ሴት ይዘሃል» አለችው። «በዚህ ዕድሜህ መታመም ይሻልሃል።»

ነገራት። ስለ ባልቢናም፣ ስለ ሽማግሌውም፣ ስለ ጎሹም። ሴፓ ከዚህ በፊት የምታውቀው አንድ ጊዜ የሆነ ቤት አገልግሎ እንደነበር ብቻ ነው።

«የፈለጉትን ይበሏት አልክ?»

«አልኩ።»

«ባለጌ ነበርክ» አለችና ዓሣውን ወደ እሱ ገፋችው። «ብላ። ማክሰኞ ሲመጣ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ ቀሪው ክፍል መጣ። ቴሌስፎሮ አንዲት ፊደል ሳያነሳ በቀጥታ ለሳሉስ አቀበለው። ሳሉስ በልቡ እያነበበ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ምላሱን ጠጠጥ አደረገ።

«ምንድን ነው?»

«ሞቷል።»

«ማን?»

«ጎረምሳው ነዋ። አባትየው ተመልሶ ለልጅቷ፣ ጎረምሳሽን ኮሌራ ገደለው፣ ከብዙ ሰው ጋር በኖራ ቀበሩት፣ መቃብሩም አይታወቅም አላት። ልጅቷ ጥቁር ለበሰች። ከዚያ ወዲህ አላገባችም፤ በየዓመቱ በሙታን ቀን አንድ ሳህን ምግብ ታስቀምጥለታለች።»

ቴሌስፎሮ ደረቱን ዳሰሰ፣ ሞቃት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የጓጓለት መልስ ይኸው ነበር። ሽማግሌው ሌባ አላደረገው፣ ከሃዲ አላደረገው። ልጁ የተተወች እንዳትባል አስከሬን አድርጎ አመጣላት፤ ቴሌስፎሮንም ከስድብ አዳነው። ከመሰደብ ይልቅ ይሄኛው ባሰበት። አንድ ጊዜ በበር ላይ አዋርዶ የሸኘው ሰው እንዲህ ያለ ክብር እንደሰጠው ሲገባው አፈረ፣ ክፉኛ አፈረ።

«አላለቀም እኮ» አለ ሳሉስ። «መጨረሻዋን ይስሙ። ሴትየዋ አርጅታለች፣ ለእህቷ ልጅ እንዲህ ትላታለች። የሞት መርዶ የሚነግር ሰው ዓይን ዓይንሽን ያያል፤ አባቴ መሞቱን ሲነግረኝ ያየው ግን ጎሹን ነበር። በዚህ ነው የሚያልቀው። ጥሩ ነው፣ አይደል?»

ቴሌስፎሮ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ። ታውቃለች ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

በዚያ ቀን ምሳ ላይ ሴፓ ስትሰማ ጉንጯ እስኪያማት ሳቀች። «ሞቷል? ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሩዜን ሲበላ የኖረው ማን ነው?» አለች። ቀጥላ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ያቺ ምስኪን» ብቻ ብላ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ቅዳሜ ጸሐፊዋ ለእርማት የታተመውን ገጽ ልታይ መጣች። ኦርቴንሲያ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተዋል፤ ጃንጥላዋ ውሃ ያንጠባጥባል። ቴሌስፎሮ ገጹን አቀበላት፤ እስክትጨርስም አጠገቧ ቆመ። ለወትሮው ጸሐፊ ሲመጣ ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምን በእንግሊዝኛ ጻፉት?»

«ትምህርት ቤት የተማርኩት በእሱ ነው፤ መጻፍም የማውቀው በእሱ ነው» አለች። ከዚያ ፈገግ አለች። «እውነቱን ልንገርዎት? በታጋሎግ ብጽፈው አክስቴ ታነበዋለች። ጎረቤቱም ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ሲሆን በር ዘግቶ እንደ ማውራት ነው። ያም ሆኖ የሰውን ስም ሁሉ ቀይሬያለሁ።»

«ጎሹን ረስተዋል።»

«ጎሹን?» ሳቀች። «ጎሽ ምን ይጠየቃል? ጎሽ የሚደብቅ ሰው አለ?»

«መጥረቢያውም ግንዱ ላይ አልነበረም።»

«በመንደሩ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያወራው።»

«ዝናብ ሊመጣ ነበር» አለ ቴሌስፎሮ፣ ድምፁ ሳያስበው ወፈረ። «መጥረቢያው የአያትሽ ነው። የሰው መጥረቢያ ዝናብ ላይ አይተውም። ታጥቦ ደረጃው ሥር ነው የገባው፣ ከሙቀጫው ኋላ።»

ኦርቴንሲያ ገጹን ቀስ ብላ አስቀመጠች። በቀለም የጠቆሩትን ጣቶቹን አየች፣ ፊቱን አየች፣ እንደገና ጣቶቹን አየች።

«ስምዎ ማን ነው?»

«ቴሌስፎሮ።»

የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ፤ ቢመጣም ይገባታል።

«ያንን ሳህን ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የማቀርበው እኔ ነኝ» አለች። «በየዓመቱ። ነፍስዎን ይማር ብዬ ተንበርክኬ ጸልዬልዎታለሁ። ጉልበቴ ይመስክር።»

«ሳህኑ ላይ ምን ነበር የምታደርጉት?»

«ሱማን ነዋ። አክስቴ በዚያ አይደል የምትተዳደረው፣ ሩዙን በቅጠል ጠቅልላ በመሸጥ።»

«ሱማን አልወድም» አለ ቴሌስፎሮ። አፉ ነው ያመለጠው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ።»

ኦርቴንሲያ እንደተቆጣች ሳቀች፤ እየሳቀችም ዓይኖቿን በመሐረብ ጠረገች። ከጥግ ያለው ሳሉስ ማረሙን ከተወ ቆይቷል፤ ጆሮው ብቻ ነው የቀረው።

«ካወቀች ለምን ታስቀምጣለች?» አላት ቴሌስፎሮ። «በሕይወት እንዳለሁ ካወቀች ሳህኑ ለምንድን ነው?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። አባቴ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ያመጣልኝን እንዴት ልጣለው አለችኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላም ብላኛለች። አንድ ቀን ቅጠል እየጠቀለልን ሳለ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ነው የምትጠይቀው። እኔ ምን አውቃለሁ? ያንን ታሪኩ ውስጥ አላስገባሁትም። በእንግሊዝኛም ቢሆን አልቻልኩም።»

እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ምን ብለው ነግረዋት ይሆን ሲል፣ እሷ ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን ስትል ኖራለች። ሁለት ሰው በአንድ ሐይቅ ወዲህና ወዲያ ቁጭ ብሎ አንዱ የሌላውን መልስ ይዞ አርጅቷል።

ኦርቴንሲያ ተነሳች። «እሑድ ወደ ላምባክ እሄዳለሁ» አለች። «ምን ብዬ ልንገራት?»

ያው ጥያቄ ነው፣ ያው በር፣ ያው ሥራ። ቴሌስፎሮ የዚያን ጊዜ የሰጠውን መልስ አሁንም በምላሱ ላይ አገኘው፤ ምላስ የለመደውን አይረሳም። ዋጠው።

«ጥቂት ጠብቂኝ» አላት።

ወደ ሳጥኑ ሄዶ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ቃል ሲለቅም የኖረ እጅ የራሱን ለመጀመር እንዴት እንደሚከብደው ያየ ያውቀዋል። ጣቱ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት ቆየ። በመጨረሻ በታጋሎግ አምስት መስመር ደረደረ፣ በክር አሰረ፣ ቀለም ቀባ፣ አንድ ወረቀት አስቀምጦ በመዳፉ ተጫነው።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ዓመቱ ረዝሞብኝ ነው። አባትሽ ሊወስዱኝ መጥተው ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ቴሌስፎሮ።»

ሳሉስ ከልማዱ የተነሳ በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ማንግ ፖሮ» አለ በሹክሹክታ፣ «በአምስት መስመር ሦስት ስሕተት አለ። እርስዎ? ላርመው?»

«ተወው» አለ ቴሌስፎሮ። «እንዲሁ ይሂድ።»

ኦርቴንሲያ ወረቀቱን ቀለሙ እስኪደርቅ እያራገበች ያዘችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «መጥረቢያውንስ ላስተካክለው? ከደረጃው ሥር ላድርገው?»

ቴሌስፎሮ አሰበ። «ለታሪኩ የትኛው ይሻላል?»

«ግንዱ ላይ» አለች፣ ትንሽ እያፈረች።

«እንግዲያው እዚያው ይቆይ። እኔ የተጻፈልኝን ነው የምለቅመው።»

ታሪኩ እንደተጻፈው ወጣ። በላምባክ ያነበበው የለም፤ በማኒላ ግን ተማሪዎቹ ስለ ጎሹ ብዙ ተከራከሩ አሉ፤ አንዱ ምሳሌ ነው ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ለዚያ መልስ ጻፈ። ቴሌስፎሮ ሁለቱንም ለቀመ። ሳሉስን አስነብቦም ሰማቸው፤ ከዚያ ወዲህ አለማስነበብ አልቻለም። ስሕተቱ ግን መብዛት ጀመረ። ባለቤቱ «ምን ነካህ?» ቢለው፣ «ገባኝ» አለው፣ ሌላ የሚለው አልነበረውም።

የሙታን ቀን ካለፈ በሳምንቱ ኦርቴንሲያ አዲስ ታሪክ ይዛ መጣች። ቴሌስፎሮ ወረቀቱን አልተቀበላትም፤ ዓይን ዓይኗን አየ።

«አንቺ አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት» አለች። «ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ የመጥረቢያውን ነገር ነገርኳት። እሱንማ በማግስቱ ነው ያገኘሁት አለችኝ፤ ታጥቦ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም አለች።»

«ሳህኑስ?»

ኦርቴንሲያ ጃንጥላዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «የሙታን ቀን ሲደርስ እንደ ወትሮው ሳህኑን አወረድኩ። ከእጄ ተቀብላ መልሳ ሰቀለችው። በሕይወት ላለ ሰው አይቀመጥም አለች።»

ቴሌስፎሮ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አዲሱን ታሪክ ተቀበላት፣ መያዣውን አነሳ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ፍለጋ እጁን ወደ ሳጥኑ ዘረጋ። ክፍሎቹ ስላልታዩት ትንሽ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።